ጓድ ሊቀመንበር ጨረቃን የረገጡበት ዓርብ

በዚያ ዘመን የታሰረ ሰው ሁሉ ለምን እንደታሰረ ሲጠየቅ የሚያኮራ መልስ አያጣም። አንዱ ወረቀት ሲበትን ተይዟል፣ ሌላው የሚፈለግ ዘመዱን ደብቋል። እኔ ስጠየቅ መጀመሪያ ጉሮሮዬን እጠርጋለሁ። እኔ የታሰርሁት የትምህርት ቤታችንን ዳይሬክተር ጨምሮ አሥራ አራት ሰው ጨረቃ ላይ ስለገደልሁ ነው።

አትሳቁ። ማለቴ፣ ሳቁ፤ ግን ትንሽ ቆዩ።

ያን ጊዜ ሠላሳ ዓመት አልሞላኝም። ባሕር ዳር ውስጥ በአንድ የቴክኒክ ትምህርት ቤት የሞተር መምህር ነበርሁ። ስሜ ይርሳው ነው። እንደኔ ያለ አዋቂ ከጣና ወዲህም ሆነ ወዲያ የለም ብዬ የማምን ሰው ነበርሁ። ተማሪ አንድ ነገር ከጠየቀኝ ባጭሩ መመለስ ውርደት ይመስለኛል። ሁለት ሰሌዳ እሞላለሁ፣ እደመስሳለሁ፣ ደግሞ እሞላለሁ። ልጆቹ ዓይናቸው ፈጦ ሲወጡ «ዛሬስ ጥሩ አስተማርሁ» እላለሁ። እናቴ ከከተማው ወጣ ብሎ ባለው መሸንቲ ሆና «ልጄ የሚናገረው አንዱም አይገባኝ፤ እንዴት ያለ ትምህርት ተምሯል» ትል ነበር። እኔም ምስጋና ነው ብዬ እቀበላት ነበር።

አብሮን የሚያስተምር ቪክቶር የሚባል የሶቪየት መምህር ነበረ። ወደ አገሩ ሲመለስ ማስታወሻ ይሁንህ ብሎ ካልኩሌተሩን ሰጠኝ። መደመርና መቀነስ ብቻ የሚችል ተራ ዕቃ እንዳይመስላችሁ። መቶ የማይሞላ ትእዛዝ በተራ ትጽፉለታላችሁ፤ ከዚያ አንዲት ቁልፍ ስትጫኑ ከላይ እስከ ታች ይፈጽመዋል። ችግሩ፣ ከመብራት ከተነቀለ ሁሉን ይረሳል፤ እንደ አዲስ አንድ በአንድ መጻፍ ነው። ቪክቶር ጨረቃ ላይ መንኮራኩር የማሳረፍ ጨዋታ ይጫወትበት ነበር። ሥዕል የለው፣ ድምፅ የለው። በትንሿ መስኮት አረንጓዴ ቁጥር ይበራል፦ ከፍታ፣ ፍጥነት፣ የቀረ ነዳጅ። እናንተ ለሚቀጥሉት ጥቂት ሰከንዶች ሞተሩ ስንት ነዳጅ እንዲያቃጥል ትነግሩታላችሁ፤ እሱ አስልቶ አዲሱን ከፍታና ፍጥነት ያሳያችኋል። መሬት ስትደርሱ ፍጥነታችሁ ከአምስት በታች ከሆነ ተረፋችሁ። ከበለጠ አፈር ሆናችሁ።

ልጆቼ ዛሬ በባለ ቀለም መስኮት ሲጫወቱ ይህን ብነግራቸው ያዝኑልኛል። ማዘን አያስፈልግም። ያን ቁጥር እያየ ልቡ የማይመታ ሰው አላየሁም።

ቪክቶር የጨዋታውን ትእዛዝ ሳያስቀርልኝ ሄደ። ምን ገዶኝ፣ ራሴ እሠራዋለሁ አልሁ። የሞተር መምህር አይደለሁም? እንዲያውም የሱን ቀላል ሞተር ንቄ እውነተኛ ሞተር ልሠራ ተነሣሁ። ሞተር ሲሠራ ይግላል፤ ሲግል ኃይሉ ይቀንሳል፤ ከመጠን በላይ ከጋለ ይፈነዳል። ነዳጁ በቧንቧ እስኪደርስ ይዘገያል። የታንኩ ግፊት እያደር ይወርዳል። ይህን ሁሉ መቶ ባልሞላ ትእዛዝ ውስጥ ልጠቀጥቅ ሁለት ወር ለፋሁ።

ውጤቱ ምን ሆነ? የነካው ሁሉ ይሞታል። በምሳ ሰዓት መምህራን ክፍል ውስጥ ባልደረቦቼ በየተራ ይጫወታሉ፣ በየተራ ይሞታሉ። እኔ ሠሪው ራሴ አሥራ አንድ ጊዜ ሞቼበታለሁ። ማፈር ሲገባኝ ኮራሁ፤ እውነተኛ ሞተር እንዲህ ነው እያልሁ እፎክር ነበር። የእያንዳንዱንም ውጤት በደብተሬ የመጨረሻ ገጽ እመዘግባለሁ። ጊዜው ጓድ ሳይባል ስም የማይጠራበት ነበርና መዝገቡ እንዲህ ይላል፦ «ጓድ ዳይሬክተር፦ ሞቱ። ጓድ መኮንን፣ ሒሳብ ክፍል፦ ሁለት ጊዜ ሞተ። ጓዲት ሒሩት፦ ልትተርፍ ነበር፤ ሞተች።» እንዲህ እያለ አሥራ አራት ሰው ይዘልቃል። ከታች አስምሬ «እስካሁን የተረፈ የለም። በሚቀጥለው ሳምንት ሌሎችም ይጋበዙ» ብያለሁ።

ይህን ደብተር ይዤ ነው ቀበሌ የሄድሁት።

በየሳምንቱ ረቡዕ ከሰዓት በኋላ የውይይት ክበብ አለ። መቅረት አይታሰብም። ሰው ሁሉ ይመጣል፣ አግዳሚው ላይ ይደረደራል፣ የሐይቁ ነፋስ በመስኮት ሲገባ ያንቀላፋል። የቀበሌያችን ሊቀመንበር ጓድ አድማሱ ይህን ጠልተውታል። እሳቸው ሃያ ዓመት ኤንትሬ የጭነት መኪና የነዱ፣ አንገተ ወፍራም ሰው ናቸው። ከሞተሩ በላይ ሲጮሁ ስለኖሩ በቅርብም ሲያናግሩ ከማዶ የሚጣሩ ይመስላሉ። ያን ቀን ንግግሩ ስለ ምርት ዘመቻ ነበር። እኔ አንገቴን ደፍቼ የሞተሬን ሙቀት አሰላለሁ። ሁለት ሰዓት ሙሉ ቀና አላልሁም።

ጓድ አድማሱ አዩኝ። ንግግሩን አቋርጠው ሕዝቡን በእኔ ገሠጹት። እናንተ ታንኮራፋላችሁ፣ መምህር ይርሳውን ግን እዩ፣ አንድ ቃል አላመለጠውም አሉ። ከዚያ ወርደው መጡና ለሌላው ምሳሌ እንዲሆን ደብተሬን ከእጄ ተቀበሉ። ወስደው እንደሚያነቡትና በሚቀጥለው ረቡዕ ለሕዝብ እንደሚያሳዩት ተናገሩ። ተጨበጨበልኝ። ቆሜ እጅ ነሣሁ። ወደ ቤቴ ግማሽ መንገድ ስደርስ የመጨረሻው ገጽ ትዝ አለኝ።

ሐሙስ ጠዋት ሁለት አብዮት ጠባቂዎች ክፍል ድረስ መጥተው ወሰዱኝ። ያቋረጥሁት የመጀመሪያው ትምህርት እሱ ነው፤ ያልተከፋበት ተማሪ እንደነበረም በኋላ ሰምቻለሁ።

ጓድ አድማሱ ጠረጴዛቸው ላይ ደብተሩን ዘርግተው ጠበቁኝ። ጸሐፊያቸው ጓዲት ሙሉነሽ አጠገባቸው ተቀምጣ ቃሌን ትመዘግባለች። በዚያ ዘመን ስም ተደርድሮ «ሞተ» የሚል ዝርዝር ምን ማለት እንደነበር የነበራችሁበት ታውቃላችሁ። ያልነበራችሁበት አያድርስባችሁ። ሽፋኑ ላይ ደግሞ በገዛ እጄ «የሮኬት ሞተር፣ ሦስተኛ ረቂቅ» ብዬበታለሁ። ጓድ አድማሱ ጣታቸውን ዝርዝሩ ላይ አሳረፉ።

«ዳይሬክተሩን ትናንት በዘንባባው ሥር ሲያልፉ አይቻቸዋለሁ» አሉኝ። «እዚህ ሞቱ ይላል። መቼ ነው የሚሞቱት?»

ጨዋታ ነው አልሁ። መንኮራኩር፣ ጨረቃ፣ ካልኩሌተር፣ ቪክቶር፣ ሁሉንም ዘረገፍሁት። እንደ ልማዴ ከሞተር ሙቀት ጀምሬ ስለነበር ከግማሽ ሰዓት በኋላም ጨዋታ ወደሚለው ቃል አልተመለስሁም። በመጨረሻ እጃቸውን አንሥተው አስቆሙኝ። ነገሩን ገና ማታውን ለበላይ አካል በስልክ እንዳሳወቁ፣ ዓርብ ዘጠኝ ሰዓት ላይ መኪና መጥቶ እኔንም ደብተሩንም እንደሚወስድ ነገሩኝ። በዚያ መኪና የሄደ ሰው ሲመለስ አይቼ አላውቅም ነበር። ጨዋታ ከሆነ ከዚያ በፊት አሳየኝ፣ እኔ ራሴ ተጫውቼ ልየው አሉ።

ካልኩሌተሩን የሚያመጡ ጠባቂዎች ቤቴ ተላኩ። ፈንጂ መስሏቸው ያመጡት በሳፋ ውስጥ በውሃ በራሰ ጨርቅ ጠቅልለው ነው። ግቢው መሐል አስቀምጠው ዙሪያውን በአሸዋ ከበቡት። የሶቪየት ዕቃ ነው ብዬ ስጮህ ጓድ አድማሱ ደነገጡና ጨርቁን ራሳቸው ፈትተው በሁለት እጃቸው አነሡት። የወዳጅ አገር ንብረት በሳፋ ይዛችሁ ብለው ጠባቂዎቹን ተቆጡ። ደግነቱ ውሃ አልገባበትም። እንዲደርቅ መስኮት ላይ አሳደሩት፤ እኔን ደግሞ ከግቢው ጀርባ ያለው የጭቃ መጋዘን ውስጥ።

ዓርብ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ተጀመረ። ጓዲት ሙሉነሽ ትእዛዞቹን ከደብተሩ እንደ ቃለ ጉባኤ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ታነባለች፤ እኔ ቁልፉን እጫናለሁ። ሁለት ጊዜ ተሳስተን ከሀ ጀመርን። ሲያልቅ ጓድ አድማሱ ወንበራቸውን ስበው ተቀመጡ፣ ኮፍያቸውን አወለቁ፣ በወፍራም ጣታቸው የመጀመሪያውን ነዳጅ ጻፉ።

ፈነዱ።

ካልኩሌተሩ ሲጨንቀው የሩሲያ ፊደል የሚመስል ነገር ያወጣል። ምን ይላል አሉኝ። ሞተዋል ይላል ጓድ ሊቀመንበር አልሁ። በር ላይ የቆመው ጠባቂ መሣሪያውን አስተካከለ። ደግመው ሞከሩ፤ ሞቱ። ነዳጅ ቀነሱ፤ ዘግይቶ ደረሰና ተከሰከሱ። ጨመሩ፤ ጋለና ፈነዱ። እኔ በየመሐሉ የሙቀቱን ነገር ላስረዳ እሞክራለሁ፤ ባስረዳሁ ቁጥር ፊታቸው ይጠቁራል። ዘጠነኛው ላይ ካልኩሌተሩን ገፉት።

«ሰው የማይተርፍበት ጨዋታ የት አገር አለ?» አሉ። «ይኼ ጨዋታ አይደለም፤ ሰበብ ነው።»

እግዜር ያሳያችሁ፣ የሁለት ወር ኩራቴ አንገቴ ላይ ገመድ ሆነብኝ። አንድ ጊዜ ላስተካክለው ብዬ ለመንሁ። ስንት ሰዓት ይበቃሃል አሉ፤ አንድ ሰዓት አልሁ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ያስተካከልሁት ነገር የለም። ዋሸሁ። ሞተሩን ሙሉ በሙሉ አወጣሁና በምትኩ አንዲት ተንኮል ከተትሁ፦ ተጫዋቹ ምንም ያድርግ ምን፣ ከፍታው ዜሮ ሲደርስ ፍጥነቱ ሦስት ነው ብለህ ጻፍ። የዕቅድ አፈጻጸም ሪፖርት እንዲህ አይደል የሚሠራው? ሊቀመንበሩ ያርፋሉ፣ ይደሰታሉ፣ እኔ ቤቴ እገባለሁ።

ተቀመጡ። ተጫወቱ። አረፉ። ጓዲት ሙሉነሽ አጨበጨበች፤ ጠባቂውም መሣሪያውን ትቶ አጨበጨበ። እሳቸው ግን አልሳቁም። ደገሙት፤ አረፉ። ነዳጁን በዘፈቀደ ጻፉ፤ አረፉ። ከዚያ ቀስ ብለው ቀና አሉና ዓይኔን እያዩ፣ ነዳጅ ዜሮ፣ ዜሮ፣ ዜሮ እያሉ እስከ ታች ወረዱ። ፍጥነት ሦስት። በሰላም አረፉ።

እኔ ዓይኔን ወደ ደብተሩ አዞርሁ።

«መምህር» አሉኝ፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፃቸው ዝቅ ብሎ ነበር። «ሃያ ዓመት ዓባይ በረሃን ጭኜ ወርጃለሁ። ፍሬን ሳይነካ በደኅና የወረደ መኪና አላየሁም። አዎን አዎን የሚለኝ ሰውማ ሞልቶልኛል፤ አሁን ደግሞ አዎን የሚል ሞተር አመጣህልኝ?»

ምሳ ሰዓት ደርሶ ነበርና ወደ መጋዘኑ እንዲመልሱኝ አዘዙ። ስምንት ሰዓት ላይ የመጨረሻ ዕድል እንደሚሰጡኝ፣ ዘጠኝ ላይ መኪናው እንደሚደርስ አስታወሱኝ። ፈራሁ። እናቴን አሰብሁ፤ ልጄ በምን ጠፋ ብላ ስትጠይቅ በካልኩሌተር ብለው ሲመልሱላት ታየኝ። ተቀምጬ አለቀስሁ።

መጋዘኑ ውስጥ ብቻዬን አልነበርሁም። አያ ንጉሤ የሚባሉ ከዘጌ እንጨት በታንኳ እየጫኑ የሚያመጡ ሽማግሌ የእሑድ ዘመቻ ቀርተዋል ተብለው ታስረው ነበር። ታንኳቸው ሐይቁ ዳር ያለ ጠባቂ ስለቀረ ከኔ ይልቅ የሚያሳስባቸው እሱ ነው። ታንኳው የተሠራበት ደንገል ውሃ እየጠጣ ይከብዳል፣ ካልደረቀ ይበሰብሳል ይላሉ። ለቅሶዬን ሲሰሙ ግን ዞር አሉና ነገሩ ምን እንደሆነ ጠየቁኝ። ነገርኋቸው። የሞተሩን ሙቀት፣ የቧንቧውን መዘግየት፣ የታንኩን ግፊት፣ አንድም አላስቀረሁም። አያ ንጉሤ እስከ መጨረሻው በትዕግሥት አደመጡኝ።

«ልጄ፣ እኔ የማውቀው ታንኳ ነው» አሉ። «እንጨት ጭኜ ስመጣ መቅዘፊያውን ጠንክሬ እመታለሁ፤ ያለዚያ አይነቃነቅም። አራግፌ ስመለስ ያንኑ ያህል ብመታ ካለቱ ጋር ያላትመኛል። እኔ የማስበው ጭነቴ ምን ያህል ቀረ ብዬ ነው። መቅዘፊያው ይሙቅ ይብረድ አስቤ አላውቅም።»

እንባዬን ጠረግሁ። ቀስ ብዬ እንደገና እንዲነግሩኝ ለመንኋቸው፤ ነገሩኝ። ወገኖቼ፣ ሮኬት ከምንም በላይ ነዳጅ የተሸከመ ነገር ነው። ነዳጁን ባቃጠለ ቁጥር ይቀልላል፤ በቀለለ ቁጥር ያው ግፊት አብልጦ ይወረውረዋል። ይህን ለተማሪዎቼ ሁለት ሰሌዳ ሞልቼ አስተምሬያለሁ። በጨዋታዬ ውስጥ ግን ቦታ አልተረፈውም ነበር፤ ሙቀቱና ግፊቱ መቶውን ትእዛዝ ጨርሰውታል። ዋናውን ትቼ ጌጡን ሁሉ አስገብቻለሁ።

ሚስማር አገኘሁና የጭቃውን ግድግዳ እየጫርሁ መጻፍ ጀመርሁ። ሙቀቱ ወጣ። መዘግየቱ ወጣ። የታንኩ ግፊት ሲወጣ ቆጨኝ፣ ግን ወጣ። የቀረው፦ የጨረቃ ስበት ወደ ታች ይጎትታል፣ ነዳጁ ወደ ላይ ይገፋል፣ ግፊቱ ለክብደቱ ይካፈላል፣ ክብደቱ በተቃጠለው ነዳጅ ልክ ይቀንሳል። አርባ ትእዛዝ አልሞላም። አያ ንጉሤ ግድግዳውን አይተው «ይቺው ናት?» አሉኝ። ይቺው ናት አልኋቸው። ተገረሙ፤ ከዚያ ሁሉ ወሬ በኋላ ብዙ ጠብቀው ነበር መሰለኝ።

ስምንት ሰዓት ላይ በቃሌ ይዤው ገብቼ ካልኩሌተሩ ላይ ጻፍሁት። ጓድ አድማሱ ፊታቸው እንደ ጠቆረ ነው። እንዴት እንደሚሠራ ጠየቁኝ። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ባጭሩ መለስሁ፦ «ጭኖ ይጀምራል፣ ባዶ ሆኖ ይደርሳል» አልሁ። ቅንድባቸውን አነሡና ወንበራቸውን ሳቡ።

ከፍታው ሁለት ሺህ ሜትር ላይ ጀመሩ። ጠንከር ያለ ነዳጅ ሰጡት፤ ፍጥነቱ ትንሽ በረደ። ያንኑ ያህል ደገሙ፤ የበለጠ በረደ። ደስ አላቸውና ያንኑ ቁጥር ሰጡት፣ ደግመው ሰጡት። ሦስት መቶ ሜትር ላይ ሲደርሱ ከፍታው መቀነሱን ትቶ መጨመር ጀመረ።

«ወደ ላይ ሄደ!» አሉ።

ጓዲት ሙሉነሽ ከወንበሯ ተነሣች። እኔ ለማስረዳት አልሞከርሁም። ነዳጁ አየር ላይ አለቀባቸውና እንደ ድንጋይ ተመልሰው ወረዱ፤ ሞቱ። አለቀልኝ ብዬ ዓይኔን ጨፈንሁ። ስገልጥ ግን ጓድ አድማሱ አልተቆጡም፤ መስኮቱን እያዩ ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል።

«ጭነቱ ቀሎ ነው» አሉ ለራሳቸው። «ባዶ መኪና ላይ የጭነት ፍሬን ረገጥሁ።»

ግድግዳው ላይ ያለው ሰዓት ለዘጠኝ ሩብ ጉዳይ ይላል። እንደገና ጀመሩ። አሁን ሰውየው ቢሮ ውስጥ አልነበሩም፤ ቁልቁለት ላይ ነበሩ። ግራ እጃቸው ሳያውቁት ጠረጴዛው ላይ መሪ ይይዛል። ከላይ በደንብ ገፉት። አንድ ሺህ ላይ ቀነስ አደረጉ። አራት መቶ ላይ ደግሞ ቀነሱ። ጠባቂው በሩን ትቶ ከኋላቸው ቆሟል። ሰማንያ ሜትር፣ ፍጥነት አሥራ ስድስት። ትንሽ፣ አሉ። ሠላሳ ሜትር፣ ፍጥነት አሥር። አሁንም ትንሽ። አሥራ ሁለት ሜትር፣ ፍጥነት ስምንት፤ ነዳጁ ሊያልቅ ነው። ጣታቸው አየር ላይ ቆመ። አንዱን ቁጥር ሊጫኑ ነበር፣ ተዉት፣ ያነሰውን ተጫኑ። ካልኩሌተሩ ማስላቱን ቀጠለ፤ መስኮቱ ጥቁር ሆኖ ይብለጨለጫል። እሱ እስኪያስብ ድረስ ሁላችን ወደ መስኮቱ ጎነበስን።

ከፍታ ዜሮ። ፍጥነት ሦስት።

ያ የጭነት መኪና ሾፌር የነበረ፣ ቀበሌው ሁሉ የሚንቀጠቀጥለት ሰው ተነሥቶ ጠባቂውን አቀፈው። ጓዲት ሙሉነሽ እልል ልትል ጀምራ አፏን በእጇ ያዘች። እሳቸው ወደኔ ዞረው ጠረጴዛውን በመዳፋቸው መቱ። ይኼ እውነት ነው አሉ። እንዲህ ያለ ነገር ቁጭ ብሎ የሚሠራ ሰው፣ ሰው ለመግደል ጊዜውን ከየት ያመጣዋል አሉ።

ይህን ሲሉ የመኪና ድምፅ ግቢው ውስጥ ተሰማ።

ደስታችን እንደ ውሃ ፈሰሰ። የገባው ሰው አጠር ያለ፣ ጥቁር መነጽር ያደረገ፣ ሰላምታ የማያባክን ነው። ያልከው ሰውየ የታለ፣ ደብተሩስ አላቸው ጓድ አድማሱን፤ አንተ ብሎ። እሳቸው ደብተሩን ሰጡት። ሰውየው ከፊት ጀምሮ መግለጥ ያዘ። ዝርዝሩ መጨረሻው ገጽ ላይ ነው። አንድ ገጽ ገለጠ፣ የሙቀት ሒሳብ ነው። ሌላ ገለጠ፣ የሙቀት ሒሳብ ነው። ሃያ ገጽ ሙሉ ጠቅጥቄበታለሁ። ሰውየው አሥራ አምስተኛው ላይ አዛጋ። ያ ከንቱ ሒሳብ ለአንድ ነገር የጠቀመኝ ያን ጊዜ ብቻ ነው። ግን ደብተሩን ሳይዘጋ ጣቱን ገጾቹ መሐል አድርጎ፣ ታዲያ በስልክ ያልከኝ የሟቾች ዝርዝር የት ነው ብሎ ጠየቀ።

ጓድ አድማሱ ቀጥ ብለው ቆሙ። ከኋላቸው ግድግዳ ላይ ቀበሌያችን በመሠረተ ትምህርት ዘመቻ አንደኛ ወጥታ የተሸለመችው የምስክር ወረቀት ተሰቅሏል፤ በሊቀመንበሩ ስም።

«ጓድ፣ ጥፋቱ የኔ ነው» አሉ። «እኔ ማንበብ አልችልም። የሞተር ትምህርት ደብተር ኖሯል፤ በዝርዝር የተጻፈ ነገር አይቼ በግምት የሟች ስም መሰለኝ። ዛሬ ጸሐፊዋ ስታነብልኝ ነው የገባኝ። ግለ ሂስ አደርጋለሁ።»

ጓዲት ሙሉነሽ ወደ መሬት አየች። ሰውየው የምስክር ወረቀቱን አየ፣ እሳቸውን አየ፣ ሳቀባቸው። ማንበብ ሳትችል ነው ወይ ሕዝብ የምታስነብበው አላቸው። በጸሐፊያቸው ፊት፣ በጠባቂያቸው ፊት፣ በኔ በእስረኛው ፊት ያልተናገራቸው ነገር የለም። አዎ ጓድ፣ ትክክል ነው ጓድ እያሉ ተቀበሉት። በመጨረሻ ደብተሩን ጠረጴዛው ላይ ወርውሮ ወጣ። መኪናው ሄደ።

ያን ሁሉ ጊዜ ዜሮ ነዳጅ ይዞ ማረፍን እንደ ስድብ የቆጠሩት ሰው፣ ለኔ ሲሉ ዓይናቸውን ሳያሹ ዋሹ። እግራቸው ላይ ልወድቅ ስል ክንዴን ያዙኝ። ተወው አሉ። መብራት ሳይጠፋ አንድ ጊዜ ልድገማት ብለው ወንበራቸውን ሳቡ። ሦስት ጊዜ ደገሟት፤ ሁለቴ ሞቱ። አያ ንጉሤም በሚቀጥለው እሑድ ሊሠሩ ቃል ገብተው ያን ዕለት አብረውኝ ወጡ፤ ታንኳቸው ደኅና ነበረ።

ከጥቂት ወር በኋላ ጓድ አድማሱ ከሊቀመንበርነት ተነሡ። ማንበብ የማይችል ሊቀመንበር መባሉ ከተማውን አዳርሶት ነበር፤ እሳቸውም አንድ ቀን አላስተባበሉም። ወደ ጭነት መኪናቸው ተመለሱ። ጋዜጣ ሲያነቡ እንዳይታዩ መንገድ ዳር ያለ ሻይ ቤት ገብተው ጥግ ይዘው ሲቀመጡ በዓይኔ አይቻለሁ።

እናንተ ይህን የምታነቡ ሰዎች፣ ከእስር ወጥቼ ደፋር ሆንሁ ብዬ ልዋሻችሁ አልፈልግም። የተለወጠው ሌላ ነው። እኔ እስከዚያ ቀን ድረስ ለሌላ ነገር ቀርቶ ለሰው ነፍስ ብዬ እንኳ «አላውቅም» የሚል ቃል ከአፌ አውጥቼ አላውቅም ነበር። እሳቸው ግን የሚያውቁትን፣ የሚኮሩበትን፣ ግድግዳቸው ላይ የሰቀሉትን ነገር «አልችልም» ብለው በሰው ፊት ጣሉት፤ ለማን? ትናንት ላሰሩት፣ ዛሬ ጠዋት ለዋሻቸው ሰው።

ሰኞ ክፍል ስገባ አንድ ተማሪ ያቋረጥሁትን ትምህርት አንሥቶ ጠየቀኝ። ጠመኔውን አነሣሁ፣ ሰሌዳውን አየሁ። ከዚያ ጠመኔውን መለስሁትና «ይኼን አላውቀውም፤ ነገ አንብቤ እነግርሃለሁ» አልሁት። ልጁ ደብተሩን ከፍቶ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ የተናገርሁትን ጻፈ።